በቀላሉ የተላጠው ቅርፊት

የካቲት 3

አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ላጠኝ። ቢሆንም ቀኑ ተሳክቷል።

እማዬ ድሮ ትሠራበት ከነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጓሮ ሄጄ የዋርካውን ቅርፊት አመጣሁ። በመጨረሻ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ዛፍ... የማሽን መርፌ ጣታቸውን ሲወጋቸውና ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ሰፊዎቹ ሁሉ ቅርፊቱን አፍልተው ይታጠቡበት ነበር። «በማግስቱ ማሽናችን ላይ ቁጭ!» ትላለች እማዬ። እውነት ይሆን? ሦስተኛ ዲግሪዬን የምሠራው ይህንኑ ለማወቅ አይደል።

ዘበኛው በሩን ከፈተልኝና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ዛፉ ሲያዩት ያስፈራል። ግንዱ አንድ ክፍል ያህላል፤ የተጠማዘዘ፣ የተቆላለፈ፣ የትኛው ከየት እንደሚጀምር የማይታወቅ። በግድግዳው በኩል ጥላ ያለበት ቦታ አገኘሁ። በተቆላለፈው መሃል እንደ መስኮት ወለል ያለች። እዚያ ላይ ቅርፊቱ ቀጭን ነው፤ በቢላዋ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተላጠልኝ። ቢላዋዬም እጄም አልቆሸሸ። ነጩን ሸሚዜን እንደለበስኩ ሄጄ እንደለበስኩ ተመለስኩ። ዛፉን ለመለየት የሚሆን ቅጠል ደግሞ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ቀጥፌ በጋዜጣ መሃል ተጫንኩት።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

«እኔ በጣቴ ያረጋገጥኩትን አንቺ በብርጭቆ ልታረጋግጪ! ይሁና።»

የካቲት 12

ቅርፊቱ ደረቀ። ተፈጨ። በአልኮል ተዘፈዘፈ። ዱቄቱ የሸክላ ቀለም አለው፤ ደስ ይላል።

የፈጨው የላብራቶሪ ረዳታችን ጓንቴ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም መቼም። ጓንት ከእጁ ስለማይለይ እኛ ነን ያልነው። ሰላምታ እንኳን በጓንት ነው። አንድ ቀን ሻይ በጓንት ሲጠጣ አይቼዋለሁ ብዬ እምላለሁ፤ እሱ ይክዳል።

«ዶክተሯ፣ ይኼ ነገር ይሠራ ይሆን?» አለኝ ዛሬ። ዶክተርነቱ ገና ነው። ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው እንደዚያ የሚጠራኝ።

«ካልሠራ እማዬ ቤት አታስገባኝም።»

«ከሠራ ግን ለእኔ የእጅ ቅባት ታወጪልኛለሽ። ጓንቱ እጄን ፈጀው።»

ጥሩ ሰው ነው። ዕቃ ሰብሮ አያውቅም። እኔ እሰብራለሁ።

የካቲት 20

ገደለው!

ጠዋት ሳህኖቹን ከማሞቂያው አወጣኋቸው። ባክቴሪያው፣ ከመግል የሚገኘው ዓይነት ነው፣ ሳህኑን እንደ ጭጋግ ሸፍኖታል። የዋርካው ጭማቂ የተነከረባት ትንሽ ክብ ወረቀት ግን ዙሪያዋን አጽድታ ቁጭ ብላለች። ጥርት ያለ ቀለበት! አልኮል ብቻ የነካት ወረቀት ዙሪያዋ ጭጋግ ነው። ስለዚህ የገደለው አልኮሉ አይደለም ማለት ነው። ደጋግሜ አየሁት። ጓንቴ ከኋላዬ ቆሞ «ዶክተሯ፣ በቃ፤ በዓይንሽ በላሽው እኮ» አለኝ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «ሳህን ላይ መግደል ሌላ፣ ሰው ማዳን ሌላ። አትቸኩዪ» አሉ። ወዲያው ደግሞ «በሚያዝያው ጉባኤ ላይ አንቺ ታቀርቢያለሽ» አሉ። እኔ! ከክፍላችን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያቀርበው።

ለእማዬ ስነግራት አቅፋኝ ዘለለች። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ...

የካቲት 28

እማዬ ለጎረቤቱ፣ ለጸጉር ሠሪዋ፣ ለባለሱቁ አዳርሳዋለች። ባለሱቁ ዛሬ «የዋርካዋ ልጅ» ብሎ ጠራኝ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ?

መጋቢት 7

አለቃዬ «በአዲስ ቅርፊት ድገሚው» አሉ። ልክ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይባልም። ግን የማርመው የፈተና ወረቀት ተቆልሏል፤ ተረከዜም ገና አልዳነም። ጓንቴን ላክሁት። «የፋብሪካው ጓሮ፣ ትልቁ ዋርካ፣ ከግንዱ ላይ» አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ሕፃንም አይስተው።

ሁላችንም ላብራቶሪ ሳለን ተመለሰ። ጉድ ነው። ጓንቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ነጭ ነገር እስከ ክንዱ ወጥቷል፤ ከረጢቱም ተጨማልቋል።

«ምንድን ነው ይኼ ቆሻሻ?»

«ከዛፉ ነዋ። እንደ ማስቲካ ያዘኝ እኮ!» ይስቃል።

«እኔ ስሄድ ምንም አልነካኝም።»

«በግድግዳው በኩል ጉንዳን ሞልቶታል። ዞሬ በወዲያኛው ላጥኩ።»

ሰበብ አያጣም። «ንጽሕና ከጓንት ጋር አብሮ አይሸጥም» አልኩት። ሳቁን ዋጠው። ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ... ደክሞኝ ነበር።

መጋቢት 16

ምንም የለም። ሳህኑ ጭጋግ ብቻ ነው። የዋርካዋ ወረቀትና የአልኮሏ ወረቀት መንታ መስለዋል።

መጋቢት 17

ደገምኩት። አሁንም ምንም።

አዲሱን ዱቄት ከፊተኛው አጠገብ አስቀመጥኩት። የፊተኛው የሸክላ ቀለም፤ ይኼኛው የፈዘዘ፣ አመድማ። ለምን? እርጥብ ሳለ ፈጭቶት ነው። ወይ ከሌላ ጋር ደባልቆታል። ወይ ያ ቆሻሻ... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ እንደሆን አልነካሁትም።

ጉባኤው እየደረሰ ነው። እማዬ የምለብሰውን ቀሚስ መስፋት ጀምራለች።

መጋቢት 20

የሳምንቱ ስብሰባ። አለቃዬ «ምን ደረሰ?» አሉ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌን ሞልቼ «አሰባሰቡና አደራረቁ ላይ ጥንቃቄ ጎድሏል» አልኩ። ማን እንደሰበሰበው አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገኝ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

ጓንቴ ብድግ አለ። «እኔ እንደነገረችኝ ነው ያደረግኩት። አደራረቁም እንደ በፊቱ ነው።»

«እንደ በፊቱ ቢሆን ኖሮ ውጤቱም እንደ በፊቱ ይሆን ነበር» አልኩ።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ከደረጃው አላለፈም።

አለቃዬ «ነገሩ እስኪጣራ» ብለው ወደ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል አዛወሩት።

መጋቢት 21

ኮሪደር ላይ ተገናኘን። «እንደምን አደሩ» አለኝ።

አደሩ! ለእኔ! «አንተ ደግሞ...» ብዬ ልስቅ ሞከርኩ። አልሳቀም። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ለሹም እንደሚለቀቅ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 24

ራሴ ሄድኩ። ያው ቦታ፣ ግድግዳው በኩል፣ ያችው መስኮት። ጉንዳን እውነትም አለ። ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ተላጠልኝ፤ ንጹሕ። ሲጠነቀቁ እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 2

ገደለ። ልክ እንደ መጀመሪያው!

አለቃዬ ሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን ይዘው አዩ፤ የእኔንና የጓንቴን። «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። ውሉ በሰኔ ሲያልቅ እንደማይታደስለት እዚያው ነገሩኝ። «ላንቺ ብዬ አይደለም። የክፍሉ ስም ነው።»

አላልኳችሁም? ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ለምን? ልክ አልነበርኩም እንዴ?

ልጆች አሉት መሰለኝ። ይኼን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ሚያዝያ 8

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ለጉባኤው ፎቶ ያስፈልገኝ ነበር። እማዬን ይዤ ሄድኩ፤ ዛፉን ካየች ዘመን አልፏታል። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀላት። በግድግዳው በኩል ጨለማ ነው፤ ፎቶ አይወጣም። በፀሐዩ በኩል ዞሬ ቢላዋዬን ግንዱ ላይ አሳረፍኩና «እማዬ፣ አንሺኝ» አልኩ። እውነት እንዲመስል ጫን አደረግሁት።

ወተት ወጣ።

ነጭ፣ ወፍራም። በቢላዋው ወርዶ ጣቴ ላይ፣ እጅጌዬ ላይ። ጣቶቼን ላላቅቅ ስል ተሳበ። እንደ ማስቲካ። የእሱ ቃል!

ክው አልኩ። ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። መስኮቷ ላይ ወጋሁ። ደረቅ፤ የሸክላ ቀለም። ከአጠገቧ የተጠማዘዘውን ወጋሁ። ወተት። ተመለስኩ። ደረቅ። ቀና አልኩ። በሰፋፊው የዋርካ ቅጠል መሃል አንድ የከሳ ቅርንጫፍ አናቱ ላይ ወጥቷል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው። የዋርካ አይደለም።

ሁለት ዛፍ ነው። አንዱ ሌላውን ጠቅልሎ ይዞታል። እኔ የላጥኩት የውስጠኛውን ነው። ከዋርካው የወሰድኩት ቅጠሉን ብቻ! ጓንቴ የላጠው ነው ዋርካ። እሱ ያመጣው ነው ትክክለኛው።

እማዬ ከወንበሯ ትጮኻለች። «ምነው? ጉንዳን ነው?»

«እማዬ፣ እናንተ በየት በኩል ነበር የምትልጡት?»

«በግድግዳዋ በኩል ነዋ! በዚህኛው ማን ይነካዋል? ወተቱ ጨርቅ ያበላሻል። ነጭ ሸሚዝ ሰፊዎች ነን እኮ፤ አንድ ጠብታ ብትነካን ተቆጣጣሪዋ አታስተርፈንም።»

ያ ሁሉ ሰፊ፣ ያ ሁሉ ዘመን... ልብስ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የተላጠ ቅርፊት። እኔም ሸሚዜን ፈርቼ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ፀሐይ ነው» አልኳት።

ሚያዝያ 9

ሁለቱንም ቅጠል ይዤ የዕፅዋት ክፍሉ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ገና ከእጄ ሳይቀበል ሳቀ። ዋርካና ዘመዶቹ እንዲህ ናቸው አለኝ፤ ወፍ ፍሬውን ትበላና ዘሩን ሌላ ዛፍ አናት ላይ ትጥለዋለች። እዚያ ይበቅላል። ሥሩን ቁልቁል ይለቃል፤ ሥሩ ወፍሮ የተሸከመውን ዛፍ ይከበዋል። «ሲቆይ የታቀፈው ይሞታል፤ ከውጭ ያለው ሰው ግን አንድ ዛፍ ነው የሚመስለው። እንዴት ወተቱን ሳታዪ ቀረሽ?»

እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ደስ ብሎኝ ነዋ። ንጹሕ ነኝ ብዬ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለማንም አልናገርም። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እስከ ጉባኤው ድረስ በመሃላችን ይሁን» አልኩት። ሳቁን አቁሞ አየኝ።

«የራስሽ ጉዳይ ነው» አለ። ቅጠሎቹን መለሰልኝ።

ሚያዝያ 11

ከጉባኤው በኋላ እናገራለሁ።

ደግሞስ ውጤቱ ውሸት አይደለም። ቀለበቱ እውነት ነው። የዛፉ ስም ብቻ ነው የተሳሳተው። ስም ይታረማል። ጉባኤው ያልፍና በጸጥታ አርመዋለሁ፤ የጓንቴንም ነገር ለአለቃዬ ለብቻቸው... ቀስ ብዬ...

ይኼን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ሽምቅቅ አልኩ። በጠራራ ፀሐይ ሰው ከስሼ ቀስ ብዬ ላርመው?

ሚያዝያ 14

ማሰሮ የሚያህል ጠርሙስ ልወስድ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። እሱን እንዳላገኘው በምሳ ሰዓት ነው የሄድኩት። አለ።

ባዶ እጁን ነው! ጓንት የለውም። እዚያ ያለው ጓንት ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ይሞላል አሉ። እጁ ቀልቷል፤ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ጠርሙሱን አድርቆ ሰጠኝ። ልወጣ ስል፣

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቀኝ።»

«የቱ ላይ እንዳበላሸሁት ቢነግሩኝ... ለክርክር አይደለም። ሌላ ቦታ ስቀጠር እንዳልደግመው ብዬ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስባለሁ፣ አላገኘውም። እርጥብ ሳለ ፈጭቼው ይሆናል መሰለኝ። ይሆናል አይደል?»

እርጥብ ሳለ... የእኔ ሐሳብ ነው። እኔ በልቤ የፈጠርኩለትን ጥፋት ራሱ አምኖበታል! ያላጠፋውን ጥፋት ተቀብሎ ሊማርበት ይፈልጋል።

«ግድ የለም» አልኩት። ግድ የለም! ይኼን ብዬ ጠርሙሴን ታቅፌ ወጣሁ። ሮጥኩ ማለት ይሻላል።

አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ምሳዬን ሳልቀምሰው መለስኩት።

ሚያዝያ 15

ለእማዬ ነገርኳት። ቀሚሱን እየለካችልኝ ነበር፤ አፏ ውስጥ መርፌ አለ።

መጀመሪያ የዛፉን ነገርኳት። የሚያድናችሁ ዋርካው አልነበረም፣ ውስጡ ያለ ሌላ ዛፍ ነው። መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

«ጣታችን ግን ድኗል።»

«ድኗል፤ ግን በሌላው ነው።»

«እኛ ለጣታችን እንጂ ለስሙ መቼ ተጨነቅን?»

ከዚያ የጓንቴን ነገርኳት። ስብሰባውን፣ መልሴን፣ ሳቁን፣ ማጠቢያ ክፍሉን። አላቋረጠችኝም። ጨርቁን ከትከሻዬ ላይ አንስታ አጣጠፈችው።

«ሰውዬው ይኼን ያውቃል?»

«ገና።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

ቀሚሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችም። እኔን ማየት ግን አልፈለገችም፤ የባሰብኝ እሱ ነው።

ሚያዝያ 18

ተናገርኩ።

የሳምንቱ ስብሰባ ነበር። አለቃዬ ስለ ጉባኤው ሊጠይቁኝ ሲሉ «በፊት ጓንቴ ይጠራልኝ» አልኩ። «ለምን?» «እሱ ባለበት ስለከሰስኩት።» ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ።

እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም።

የማወራውን አሳምሬ አዘጋጅቼው ነበር። አንዱም አልመጣልኝ። ሁለቱን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ያመጣሁት ቅርፊት የዋርካ አይደለም» አልኩ። «ዋርካውን ያመጣው እሱ ነው። አሰባሰቡም አደራረቁም ልክ ነበር። ያልተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ። በወዲያኛው በኩል እንደላጠ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። እውነቱን ካወቅኩ ደግሞ ሰንብቻለሁ። ጉባኤው እንዳያመልጠኝ ዝም አልኩ።»

የመጨረሻዋን ለመናገር አስቤ አልነበረም። ራሷ ወጣች። ከሁሉም የከበደችው እሷ ነች፤ መሳሳቴን ሲሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቁ የነበሩት ሁሉ እሷን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ። አላጠለቁትም።

ጓንቴ ነው የተናገረው።

«ያ ጓንቴ ላይ የተጣበቀው...»

«የዋርካው ወተት ነበር።»

«ቆሻሻ አልሽኝ።»

«አልኩህ።»

«ሰው ፊት።»

«ሰው ፊት።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ሰማኝ። አደረግኩልሽ አላለም፤ አላደርግልሽም አላለም። ዞሮ ወጣ።

ጉባኤው ቀርቷል። የእሱ ውል ይታደሳል። እኔ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ረዳት አይመደብልኝም፤ ዕቃዬን ራሴ አጥባለሁ። አለቃዬ ይኼን ሁሉ የነገሩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው።

ኩም ብዬ ወጣሁ። እንደሚቀለኝ ነበር ያሰብኩት... አልቀለለኝም። ግን ምሳ በላሁ።

ሚያዝያ 20

ዛሬ ጉባኤው ነበር። ከእኛ ክፍል ማንም አላቀረበም።

ባለሱቁ «የዋርካዋ ልጅ፣ አልሄድሽም እንዴ?» አለኝ። «ዋርካ አይደለም» አልኩት። «ምንድን ነው ታዲያ?» «አላውቅም።» ዳቦውን ሰጥቶኝ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

ግንቦት 6

ዝናብ ጀመረ።

ትናንት ከጓንቴና ከዕፅዋት ባለሙያው ጋር ዛፉ ጋ ሄድን። አለቃዬ ናቸው የላኩን። ባለሙያው ቅጠሉን ዓይቶ ብቻ ስሙን መናገር አልችልም አለ፤ አበባ ሲያወጣ ነው የሚታወቀው። ካወጣ ነው። ያ አንድ ቅርንጫፉ ጠውልጓል። የላጥኩትን መስኮት አየው። «እዚህ ደግሞ ማን ነው እንዲህ የጋጠው?» አለ። ያለችውን ቅርፊት አንሥቼባታለሁ፤ ሲቀልልኝ ጊዜ እያሰፋሁ፣ እያሰፋሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ጓንቴ መሬት መሬት አየ። የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ብቻ ለቅመን ተመለስን። ከእንግዲህ ቢላዋ አይነካውም ተባብለናል።

ሳህኖቹን ዛሬ ጓንቴ አወጣቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሆኑ በእሱ እጅ ተጽፎባቸዋል። የውስጠኛው ቅርፊት፣ ከበፊቱ የተረፈው፣ ያጸዳል። ዋርካው ለዚህ ባክቴሪያ ምንም። ለሌላ በሽታ ይረዳ ይሆን? ይሆናል። አልመረመርነውም፤ ስለዚህ አናውቅም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። እጄን ሳይከብደው የጻፍኩት የመጀመሪያው መስመር ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

እማዬ አዲስ ወሬ ይዛለች። ጸጉር ሠሪዋ ጋ ተቀምጣ «ልጄ ተሳስታ ነው ያወቀችው» ስትል ሰማኋት። ኩራት ነው ያለበት! ምን ላድርጋት? ያልተጨረሰው ቀሚስ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ጓንቴ ከእኔ ጋር ስለ ሥራ ያወራል። ስለ ሥራ ብቻ። «ዶክተሯ» ብሎኝ አያውቅም ከዚያ ወዲህ። አልጠብቅም... እዋሻለሁ፤ እጠብቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ። ሳሙናው እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር። ጣቶቼ መሃል ቀልቷል፤ የአውራ ጣቴ ጫፍ ተሰንጥቋል። ቀዳዳውን ጓንት ትቼ በባዶ እጄ እያጠብኩ ሳለ ሰው ገባ። ጓንቴ ነው። ጠርሙስ ሊወስድ የመጣ መስሎኝ ፈቀቅ አልኩለት። ከኪሱ አዲስ ጓንት አወጣ፤ የራሱን፣ ገና ያልተከፈተ። ከውሃው ራቅ አድርጎ ጠርዙ ላይ አስቀመጠው።

«ሳሙናው ይልጣል» አለ።

ወጣ። እጄን አድርቄ አጠለቅሁት። ሰፋኝ፤ የጣቶቹ ጫፍ ባዶ ነው። የቀረውን ዕቃ በእሱ አጠብኩ።